በቀን የምትበር የእሳት እራት

ለማስተማር ልምምድ መንዝ ወጥቼ ሳለ፣ አንድ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ጓሳ ዘለቅሁ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከጓሳው ሣር መሐል ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ግራጫ ነገር ብር አለች።

«ቢራቢሮ!» አልኩ።

አንዱ ልጅ በመዳፉ ይዞ አሳየኝና፣ «ኧረ ጋሼ፣ እቺ የእሳት እራት ናት» አለ።

«የእሳት እራት በቀን አይበርም!» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ጓደኞቹ ሳቁበት።

ማታ መጽሐፍ ስገልጥ አፈርኩ። ስሟ ከኩራዝ ጋር አዛምዶብኝ ነው እንጂ፣ በቀን የሚበርሩት የእሳት እራቶች ብዙ ናቸው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጓሳ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን፣ ፀሐይን ብትጠብቅ ምን ይደንቃል? መለያው ሰዓቱ ሳይሆን ቀንዱ ነው። የቢራቢሮ ቀንድ ጫፉ ያበጠ ነው፤ የእሳት እራት ቀንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ወይም ላባ የመሰለ ነው። ልጁ ያሳየኝ ክር የመሰለውን ነበር።

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንተ እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«ከብት ስጠብቅ አያታለሁ። ስታርፍ ክንፏን እንደ ጎጆ ክዳን አድርጋ ነው እምትቀመጥ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጓደኞቼ፣ ነገ ገጠር ስንመደብ «አይደለም» ከማለታችን በፊት፣ «እንዴት አወቅህ?» እንበል።