ንቧና የእናቴ ስልክ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አደይ አበባ ነው። «አደይንማ ማን የማያውቃት አለ?» እንዳትሉኝ። እኔም የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

የኛ ሰፈር እንጦጦ ሥር ነው። መስከረም ሲጠባ ከቤታችን ጀርባ ያለው የወንዝ ዳር ቢጫ በቢጫ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ «እማዬ፣ ስልክሽን ለአንድ ሰዓት ብቻ፤ አበባ ፎቶ ላነሳበት» ብዬ ለመንኳት። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው የምታሳድገን፤ ደንበኞቿ የሚያዟት በስልክ ነው። «ከተደወለ ሮጠሽ አምጪልኝ» ብላ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ ያነሳኋቸው ሁሉ ደብዛዛ ሆኑብኝ። ለካ ስልኩን አበባው ላይ ካስጠጉት ካሜራው አጥርቶ አያይም! ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን አበባ በጣቴ ነካ ሳደርገው ጥርት አለ። ወዲያው አንዲት ንብ መጥታ መሃሉ ላይ አረፈች። እግሯ ቢጫ ዱቄት ተሸክሟል። ትንፋሼን ይዤ ላነሳት ስል ስልኩ ጮኸ! እውነቱን ልናገር፣ ዘጋሁት። ድጋሚ እንዳይጮህም ድምፁን አጠፋሁት። ንቧንም አነሳኋት።

ቤት ስገባ 3 ጊዜ ተደውሎ ነበር። እማዬ መልሳ ስትደውል፣ ደንበኛዋ ለመስቀል 50 እንጀራ ልታዝ ነበር የደወለችው፤ ስልኩ ሲዘጋባት ሌላ ሰው ጋ አዘዘች። እማዬ አልተቆጣችኝም። «ይሁን፣ ያላለልን ነው» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ግን ራሷ «እስቲ ያን አበባሽን አሳዪኝ» አለችኝ። ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ሁለታችንም ተገረምን። ዙሪያውን 8 ቢጫ ቅጠሎች አሉ። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ግን አንድ ነገር አይደለም፤ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው ነው! ሰኞ የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው፣ አደይ አንድ አበባ ትምሰል እንጂ የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ እንደሆነች፣ ሱፍና ኑግም ዘመዶቿ እንደሆኑ ነገሩን። ንቧ እዚያው አንድ አበባ ላይ ስትዞር የቆየችው ለካ ለዚህ ነው።

አሁን ከእማዬ ጋር ተስማምተናል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ስልኩ የኔ ነው። ያኔ ጤዛው ስላልደረቀ ፎቶውም ያምራል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው የምሄደው። ከተደወለ አንስቼ ስምና የእንጀራውን ብዛት እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የ20 እንጀራ ትዕዛዝ ተቀበልኩ። ስልኩን ሳነሳ ንቧ በረረች፤ ትብረር!

እናንተም ፎቶ ስታነሱ አበባውን አትቅጠፉት፣ ንብ ካለችም አትንኳት። አደይ ብዙ ሳትቆይ ስለምትረግፍ ቶሎ ብላችሁ እዩዋት። መጽሔታችን በእጅ የሚጻፍ ስለሆነ ፎቶውን ላሳያችሁ አልቻልኩም፤ ከታች ያለውን ሥዕል የሳልኩት ከእማዬ ስልክ ላይ እያየሁ ነው። ትናንሾቹን አበቦች ቁጠሯቸው፤ እኔ ስስላቸው ደክሞኝ አቁሜያለሁ።

መልካም የትምህርት ዘመን!

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ