የሰሊሆም ግንብና የአውሮፕላን መንደርደሪያ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 13፥1-9



ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከኪጋሊ የተነሣ የሩዋንድኤር ሲአርጄ-900 አነስተኛ ጄት ኢንቴቤ ላይ ሲያርፍ ከመንደርደሪያው ተንሸራቶ ወጣ። አየሩ መጥፎ ነበር። በጌታ ቸርነት የሞተ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን ነው። አብራሪዎች ስለዚህ ዓይነቱ አደጋ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ግን ጥያቄያቸው ይበዛል።

መንደርደሪያው ምን ያህል ውሃ ይዞ ነበር? ጎማው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ይሆን? ነፋሱ ከኋላ ነበር ወይስ ከጎን? ጎማው መሬት የነካው በተወሰነለት ቦታ ነው ወይስ መንደርደሪያው ከተጋመሰ በኋላ? ፍጥነቱስ? ይህ ለእኛ ለጅማ ሰዎች ሩቅ ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን መሬት የሚነካው በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ፈጥኖ ነው፤ ለመቆምም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ወደ አባ ሰጉድ የሚመጣ አብራሪ ዝናቡንም ከፍታውንም አስቀድሞ ማስላት አለበት።

አደጋ በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም። ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በታንዛኒያዋ አሩሻ፣ በትንሹ ማረፊያ ላይ አርፎ መጨረሻው ሣር ውስጥ ሆነ። የኪሊማንጃሮ መንደርደሪያ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የአሩሻው 1,600 ገደማ። በወቅቱ ብዙ ሰው በአብራሪዎቹ ሳቀ። ነገሩን በጥሞና ላየው ግን የኪሊማንጃሮ መንደርደሪያ ጎማው በፈነዳ አነስተኛ አውሮፕላን ተዘግቶ ነበር፤ መጠበቅ ነበረ፤ ሁለቱ መንደርደሪያዎችም በተመሳሳይ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ማንም ሰው አልተጎዳም።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ13ኛ አባሪው የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት እንዳይሆን የደነገገው። ፍርድ ቤት የራሱ ሥራ አለው። መርማሪው ግን የሚፈልገው ነገ የሚሳፈረው ሰው እንዲተርፍ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሞተው ነበር። ሕዝቡ በልቡ ይመዝን የነበረው የሟቾቹን ኃጢአት ነው። ጌታ ኢየሱስ ይህን ሚዛን ከእጃቸው ወሰደባቸው። ሟቾቹ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ለንስሐ ጠራቸው። የሞተውን ከመመርመር ይልቅ በሕይወት ያለው ይመለስ ማለቱ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቃል በየለቅሶ ቤታችን ያስፈልገናል። በጅማም ሆነ በአጋሮ ድንኳን ሲተከል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀመጣል። በግቤ ቁልቁለት መኪና ተገልብጦ ልጇን ያጣች እናት በዚያ ድንኳን ውስጥ አለች። ከጀርባዋ «ምን በድለው ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ከሰማች ሁለተኛ ሐዘን ጨመርንባት ማለት ነው። ጌታ እንዲህ ያለውን ፍርድ እንድንሰጥ አልፈቀደልንም። ለእርስዋ የሚገባት አብሮ የሚያለቅስ ሰው ነው።

ንስሐ ምን እንደሚመስልም ከአብራሪዎች እንማር። አብራሪ ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ፣ ከፍታውና አቅጣጫው ካልተስተካከለ ሞተሩን አጠንክሮ እንደገና ይነሣል፤ ዞሮም ይመጣል። እነርሱ «ጎ-አራውንድ» ይሉታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን ጥናት እንደሚያሳየው ግን ካልተስተካከሉ 100 አቀራረቦች በ97ቱ ገደማ አብራሪዎች ማረፋቸውን ይቀጥላሉ። መንደርደሪያው ፊት ለፊት እየታየ፣ ተሳፋሪው እየጠበቀ፣ መመለስ ይከብዳል። ደግሞ አብዛኛው በሰላም ያርፋል፤ በሰላም ማረፉም ለሚቀጥለው ጊዜ ያደፋፍራል።

የእኛ ሰው ይህን ነገር ይሉኝታ ይለዋል። ጋብቻው እንደማይሆን ልቧ የነገራት እኅት የጥሪ ካርዱ ተበትኗልና ዝም ትላለች። ለቡና ንግድ የማይከፍለውን ብድር የወሰደ ወንድም ሌላ ብድር ይጨምርበታል። ጫት ያሰረው ወጣት መዘምራን ምን ይሉኛል ብሎ ተደብቆ ይቀጥላል። ሁሉም ወደ መሬት እየወረዱ ናቸው፤ መመለሻ ጊዜ ግን አሁንም አላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ብዙ አየር መንገዶች ዞሮ የመጣውን አብራሪ አይቀጡም፤ ከቀጡት ሌላው መዞርን ይፈራልና። ቤተ ክርስቲያንም የተመለሰ ሰው የማያፍርባት ቤት ትሁን።

ጌታ ከግንቡ ታሪክ ቀጥሎ የተናገረው ምሳሌ የገበሬ ነው። ባለቤቱ ፍሬ ያጣባትን በለስ ቁረጣት አለ። አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ቆፍሮ ፋንድያ እስኪያደርግላት አንድ ዓመት ለመነላት። የሊሙና የጌራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ያረጀ ቡና ፍሬ ሲነሣ ከሥሩ አይነቅለውም፤ ይጎነድለዋል። የተጎነደለ ቡና ለጥቂት ዓመታት ፍሬ ባይሰጥም ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። አትክልተኛው የጠየቀው «ይህች ዛፍ ምን ጎደላት?» ብሎ ነው። በዚህ ሳምንት በልባችሁ የቆረጣችሁት ሰው ካለ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ። እየወረዳችሁ ያላችሁ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ መሬት ሳትነኩ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በወደቀው ላይ ከመፍረድ ጠብቀን። ለመመለስ ድፍረት፣ የተመለሰውን ለመቀበል ፍቅር ስጠን። ስለጨመርህልን ዓመት እናመሰግንሃለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።