ቤት ለእንቦሳ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ስንጠይቅ «ቤት ለእንቦሳ!» እንላለን። ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስንባባለው ትንሽ ያስቃል፤ ጥጃው የት ሊታሰር ነው? ላስታ ውስጥ ግን ይህ ምርቃት የቤቱ ፕላን ነው።

የላስታ የድንጋይ ጎጆ ክብ ነው። ግድግዳው በአካባቢው ቀይ ድንጋይና በጭቃ ይነሳል፣ በሣር ይከደናል። ከሌላው አገር ጎጆ የሚለየው ባለ ደርብ መሆኑ ነው። ምድር ቤቱ የከብት፣ ደርቡ የሰው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ከታች የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፍራሙ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሳል፣ ከላይ ምድጃው ይነዳል። ጭሱም ሥራ አለው። የጣሪያውን እንጨትና ሣር ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ጣሪያ ደግሞ ነፍሳት አይደፍሩትም።

እኔ ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አያቴ ዘንድ ደርቡ ላይ ተኝቼ፣ ላሚቱ ከበታቼ ስታመሰኳ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ድህነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ላይ ነበር የተኛሁት።

ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገቡን በ12 ስፍራዎች ሲከፍት ላሊበላ አንዷ ነበረች። ስለ ቅርሱ በሚሰጠው መግለጫም 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አላነሳም፤ እነዚህን ባለ ደርብ ክብ ቤቶችም «ላስታ ቱኩል» ብሎ ጠቅሷቸዋል። እኛ ጎጆ የምንለውን ማለት ነው።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም። የሰው ብዛት፣ የመጸዳጃ ቤትና የፍሳሽ ነገር ለቅርሱ ያሰጋ ነበር። ሰው ሲነሳ ግን አንዳንድ የድንጋይ ቤቶች ባዷቸውን እዚያው ቀሩ። ቅርስ ናቸውና አልፈረሱም፤ ሰው ግን የለባቸውም።

የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ምድጃው የጠፋበት ጎጆ ተጠበቀ ይባላል? ጭስ የሌለው ሣር ይበሰብሳል። ሣሩ ሲያፈስ ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ያጥበዋል፤ ከዚያ ግድግዳው ይከተላል። ይህ ቤት ነዋሪው ራሱ ጠጋኙ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ነዋሪውን አውጥቶ ቤቱን ማቆየት፣ እረኛውን አባሮ መንጋውን እንደ መጠበቅ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱን እዩ። ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም፤ ሁሉም «ቤት» ነው የሚባሉት። ለዘመናት የኖሩት ዓለቱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚቀደስባቸው፣ የሚጠርጋቸው፣ ሲሰነጠቁ የሚጮኽላቸው ሰው ስላላቸውም ነው። ቅርስ ናቸውና ካህናቱ ይውጡ ያለ የለም። ለጎጆው ግን ይህን ማሰብ አቃተን።

የሚገርመው ቅርጹ ገበያ አለው። ከተማዋ ውስጥ በክብ የድንጋይ ጎጆ አምሳል የተሠሩ የእንግዳ ክፍሎች አሉ። ጎብኚ ከፍሎ ያድርባቸዋል። ባለቤቶቹ የተነሱበት ቅርጽ ለእንግዳ ይሸጣል ማለት ነው።

ከብቱ ይመለስ አላልኩም። ምድር ቤቱ ለሸማኔ፣ ለሥዕል ሠሪ፣ ለቡና መሸጫ ይሁን፤ ደርቡ ለአብነት ተማሪ ወይም ለአስጎብኚ ማደሪያ። ኪራዩ ቀድሞ ይኖርበት ለነበረው ቤተሰብ ይሂድ። ሁለት ነገር ብቻ ግዴታ ይደረግ፦ እሳት ይነድ፣ ሣሩ በጊዜው ይታደስ። በድንጋይና በጭቃ ክብ ግድግዳ ማንሳት የሚያውቁ አረጋውያንም በሕይወት ሳሉ ወጣቶች አብረዋቸው ይሥሩ። ጎጆ መውጣት ትዳር መያዝ ማለት በሆነበት አገር፣ ጎጆ መሥራት የሚችል ሰው ሊጠፋ አይገባም።

ባዶ ቤት ብዙ ክረምት አይታገስም።