ዳሊያዬን ያተረፋት ሙቀት

ችግኝ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ፤ ያየሁትን እመሰክራለሁ።

አንድ ክረምት የዳሊያዎቼ ቅጠል ጅማቱን ተከትሎ ይወይብ ጀመር። ተክሎቹ ቀጨጩ፣ አበባቸው አነሰ። የዳሊያ ሞዛይክ ቫይረስ ነበር፤ ክሽክሽ የተባለው ተባይ የታመመውን መጥጦ ወደ ጤነኛው ያዛምተዋል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ዳሊያ በአብዛኛው የሚራባው ከሥሩ በሚወጣው ድንች ስለሆነ እናቲቱ ከታመመች ልጆቿም ታመው ይበቅላሉ። ደንበኛ ራቀኝ፤ መደቡን ነቅዬ አቃጠልኩ። አንዲት ደማቅ ቀይ ብቻ አስቀረሁ። እሷም ታማለች፤ ግን ከዘር ባበቅላት ያው ቀለም አይመለስልኝም።

አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ «እስቲ አምጣትና እንሞክራት» አለችኝ። ዘዴው የቆየ ነው፦ ፈረንሳውያኑ ዦርዥ ሞሬልና ክሎድ ማርታን በ1952 በፈረንጆች አቆጣጠር ከታመመ ዳሊያ የቡቃያ ጫፍ ወስደው ጤነኛ ተክል አሳድገዋል። እኛ ከዚያ በፊት ሙቀት ጨመርን። ተክሉ በ37 ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ሲቆይ የቫይረሱ መራባት ይዳከማል፤ አዲሱ ቡቃያ ቀድሞት ይወጣል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን የሚሞተው ተክሉ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተክሏን ያኖርንበት የማሞቂያ ሳጥን ቬንትሌተር ተቃጠለ። አየሩ መዞር ሲያቆም በማሞቂያው በኩል ያለው ቅጠል ጠርዙ ጠቆረ። ሰኞን ብንጠብቅ አበቃላት። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሮጥኩ።

«ለምን መኪና ነው ወንድሜ?» አለኝ ባለሱቁ ከስፖኪዮና ከፍሬቻ ክምር መሀል።

«ለአበባ።»

ሳቀብኝ። ግን ከተፈታ ቪትስ ዳሽቦርድ ሥር ቬንትሌተር አውጥቶ በባትሪ አስነሳው፤ መዳፌን ይዞ ነፋሱ ላይ አስቀመጠው። «ካልሆነህ መልሰው» አለኝ።

ሆነ። ተክሏ ግማሽ ቅጠሏን አራግፋ ተረፈች። ከዚያ ባለሙያዋ በማይክሮስኮፕ እያየች ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ጫፎች በስለት ቆርጣ፣ ስኳርና ማዕድን ባለው ጄሊ ላይ አኖረቻቸው። ብዙዎቹ ጠቁረው ቀሩ። ካደጉትም ምርመራ ቫይረስ ያገኘባቸው ተጣሉ። ጥቂቶቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ ዛሬ የምሸጠው የእነሱን ልጆች ነው።

ንጹሕ ተክል ዳግም አይያዝም ማለት ግን አይደለም፤ ክሽክሽ ካገኘው ያው ነው። እናት ተክሎቹን በጥቅጥቅ መረብ ውስጥ የማኖረው ለዚህ ነው። የዳሊያ ድንች የሚገዛኝን ሁሉ ሳልነግረው አልለቀውም፦ ቅጠሉ ከወየበ ዳሊያ አጠገብ እንዳትተክለው።