የአባቴ ሸክላዎች

በቤታችን መደርደሪያ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ብዙ ዘመን ዝም ብሎ ተቀምጦ ኖሯል። በውስጡ አባቴ በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው እየቈጠቡ የገዟቸው 23 ሸክላዎች አሉ፤ ማጫወቻውን ግን እኔ ሳልወለድ፥ ኑሮ በከበደ ጊዜ ሸጠውታል። ሸክላዎቹን ለምን አብረው እንዳልሸጧቸው ብጠይቃቸው፥ «ማን ዋጋቸውን ያውቃል ብለህ?» አሉኝ።

አብዛኞቹ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ናቸው። አምሃ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ሥራውን ሲጀምር፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበረ፥ ያ ወጣት የደፈረው ነገር ቀላል አልነበረም።

አባቴ አሁን 74 ዓመት ሞላቸው፤ ጆሯቸውም እየደከመ ሄደ። ሸክላዎቹን ዳግመኛ ሳይሰሙ ይቀራሉ የሚል ፍርሃት ያዘኝና፥ ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ጎረቤት ይሸጠው የነበረውን አሮጌ ማጫወቻ በወር ደመወዜ እኩሌታ ገዛሁ። ባለቤቴ ገንዘቡ ለልጃችን ጫማ የታሰበ መሆኑን ስታስታውሰኝ የሰጠኋት መልስ እዚህ ሊጻፍ የሚገባው አይደለም። (ጫማው ከሁለት ወር በኋላ ተገዝቷል።)

አምፕሊፋየሩን መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መካከል አገኘሁት። ስከፍተው «እምምም» ከማለት በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ሬዲዮ ጠጋኙ እንዳስረዳኝ፥ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ኮንደንሰሮች በዕድሜ ብዛት ደርቀዋል። አሮጌዎቹን በካውያ እያቀለጠ አውጥቶ አዲስ ተካ፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ እጄን እንዳላስገባ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ደግሞም ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፥ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ነውና፥ ይህን መልሶ የሚያስተካክለው ለሸክላ የተለየው መግቢያ ብቻ መሆኑን አሳየኝ።

ቅዳሜ ማታ አባቴን ፊት ለፊት አስቀምጬ፥ የዓለማየሁ እሸቴን ባለ 45 ዙር ሸክላ ከፈትሁ። ጥቂት አዳመጡና፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው ሲዘፍን አሞት ነበረን?» አሉኝ። እውነትም ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማጫወቻው ለ110 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ ትራንስፎርመር ገዝቼለት ነበር። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የኤሌክትሪኩን ምልልስ አይለውጥም። የአሜሪካው በሴኮንድ 60 ጊዜ፥ የእኛው 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሞተሩም ፍጥነቱን ከዚሁ ይወስዳል። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የምሳ ሰዓቴን ትቼ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድሁና፥ ቺንጋውን የሚያዞረውን ትንሽ ፑሌጃ ከቀድሞው በአንድ አምስተኛ የወፈረ አድርጌ አሠራሁ። ባለሙያው ሁለቱን አበላሸ፤ ሦስተኛው ልክ መጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓለማየሁ ወጣት ሆኖ ተመለሰ። እኔ የጸናጽሉን ጥራት እያደነቅሁ «ሰሙት?» ብላቸው፥ «የቱን?» አሉ። ቀጭኑ ድምፅ ለእርሳቸው የለም፤ የደከምሁበት እኩሌታው ወደ ጆሯቸው አይደርስም። አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ስፒከሩ ቀረቡና መዳፋቸውን በሣጥኑ እንጨት ላይ አሳረፉ፤ ቤዙ በመታ ቍጥር ጣታቸው አብሮ ይመታል። መርፌው መጨረሻ ደርሶ «ክር፥ ክር» ሲል፥ እጃቸውን ሳያነሡ «ገልብጠው» አሉኝ።