የውሃው ጠርዝ የቱ ጋ ነው?

ባሕር በር በሌለው አገር የባሕር ዳርቻ ካርታ ማንሳት የሚመኝ ቀያሽ፣ ያለው አማራጭ ሐይቅ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ቆቃ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልተደሰትኩም። ልቤ ያለው ዳሎል ነበር፤ አፋሮች ስንት ዘመን ጨው ሲያወጡበት የኖሩትን ምድር «ሰው ያልረገጠው» እያልኩ አልም ነበር። ቆቃ ግን ከአስፋልቱ ብዙም ያልራቀ፣ ዓሣ የሚጠበስበት፣ ካርታው ተሠርቶ ያለቀለት ቦታ መሰለኝ።

ካርታስ አለው። ባለ 1፡50,000 መስፈርቱ የአገራችን ካርታ የከፍታ መስመር (ኮንቱር) የሚያሰምረው በየ20 ሜትሩ ነው፤ ከ1,580 ቀጥሎ 1,600 ይመጣል። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሲሞላ ደግሞ ውሃው የሚቆመው 1,590 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሁለቱ መሐል ነው። ሜዳ በሆነው ዳርቻ ውሃው አንድ ሜትር ከፍ ቢል ስንት ማሳ ይውጣል! ካርታው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም። የሐይቁን ጠርዝ የሚያሳየው ሰማያዊ መስመርም የአንድ ወቅት ነው። የአየር ፎቶ የሚነሳው ደመና በሌለበት በበጋ ነው፤ ሐይቁ ግን ክረምቱን ጠጥቶ መስከረም ላይ ይሞላል፣ ከዚያ ለኤሌክትሪኩና ለታችኛው አዋሽ መስኖ ሲለቀቅ እየሸሸ ይሄዳል። አዋሽ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው ደለልም የሐይቁን ወለል ከዓመት ዓመት ይለውጠዋል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። የመለኪያ መሣሪያዬን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ተክዬ፣ ፕሪዝም የያዘውን ልጅ «ጠርዙን ይዘህ ሂድ» ስለው፣ ሽንኩርት ይኮተኩቱ የነበሩ አዛውንት ቀና አሉ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ የዛሬው ነው። እዚያች ግራር ሥር መጥቶ ያውቃል።»

መረብ የሚጠግን ዓሣ አስጋሪም ተጨመረ። ውሃው በየትኛው ዓመት እንደመጣ ሁለቱ ተከራከሩ እንጂ አልተስማሙም፤ ቦታው ላይ ግን ልዩነት አልነበራቸውም። አዛውንቱ ሽንኩርታቸውን የተከሉትም ውሃው በሸሸበት ላይ ነበር፤ እኔ ሐይቅ ብዬ የማሰምረው ለእሳቸው የግማሽ ዓመት እርሻ ነው። ጉማሬዎቹ ለግጦሽ ሳይወጡ፣ እሳቸው እየመሩን ግራሯንም ለካን።

በመጨረሻ ያስረከብኩት ካርታ ሁለት ጠርዝ አለው። «ሐይቅ ሁለት ዳርቻ አለው እንዴ?» ያለኝ ነበር። ቆቃ አለው።

ወጣት ቀያሾች ሆይ፣ የሐይቅ ጠርዝ ስታሰምሩ ቀኑንና የዕለቱን የውሃ ከፍታ አብራችሁ ጻፉ። መሣሪያ ከመትከላችሁ በፊትም ዳር ላይ የሚያርሰውን ጠይቁ።