ለኩሬው አንድ ግንድ

በጓሯችሁ ወይም በቡና ማሳችሁ ጥግ ኩሬ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ግን የምመክራችሁ ነገር ሳንቲም አያስወጣም።

"ሚዛንና ቴፒ ዝናብ መች አጣና ኩሬ ያስፈልጋል?" የሚል አይጠፋም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የቡና ችግኝ አጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። ለዓሣ ብሎ የሚቆፍርም አለ። አሠራሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በውኃ ማቆር ዘመቻ በየሀገሩ የተለመደው ነው፤ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ጎኑ ተዳፋት ይደረጋል፣ ፕላስቲክ ይነጠፍበታል። ውኃ አያሰርግም፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፕላስቲኩ ያዳልጣል። የገባ አይወጣም።

የተፈጥሮ ኩሬ ዳሩ ጭቃና ሣር ነው፤ የወደቀ ግንድም አያጣም። ሊጠጣ የመጣ ሁሉ የሚቆምበት አለው። የእኛ ኩሬ ግን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። እንሽላሊቱ፣ እንቁራሪቷ፣ የወፍ ጫጩቱ፣ የቤታችን ዶሮ ሳይቀር እስኪደክማቸው ይዋኙና ያልቃሉ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። ውኃው ላይ የሞቱ ንቦች ተንሳፈዋል። "ቲቸር፣ በሽታ ነው እንዴ?" አለኝ። "ዳሩ ላይ ቆማ የምትጠጣበት ነገር አለ?" አልኩት። "ኧረ ፕላስቲክ ብቻ ነው" አለ። እንግዲህ በሽታ ሳይሆን መስጠም ነው። ንብ በበጋ ቀፎዋን ለማቀዝቀዝና ማሯን ለማቅጠን ውኃ ትቀዳለች፤ ክንፏ አንዴ ከረጠበ ግን ከለስላሳ ፕላስቲክ ላይ መነሳት ይከብዳታል። ይህ ልጅ ቀፎ ያለው ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናቡ ጠብ ሲል ቡናው በአንዴ ነጭ ሲለብስ አበባው ላይ የምትሠራው ይቺው ንብ ናት። የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ስትጎበኘው ፍሬ አያያዙ ይሻሻላል። ስለዚህ ኩሬው ውስጥ የምትሞተው ንብ ማርም ናት፣ ቡናም ናት።

መፍትሔው አንድ ተንሳፋፊ ግንድ ነው። ግን ማንኛውም እንጨት አይሆንም፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ።

የሚሆነው፦ በደንብ የደረቀ ዋንዛ፣ ጉንደላ ስትሠሩ የተረፈ የደረቀ የቡና ግንድ፣ ወይም ያረጀ የእንጨት ቀፎ ለሁለት ተሰንጥቆ። ቀርከሃም ግሩም ነው፤ በአንጓዎቹ መካከል አየር ስላለ በቀላሉ አይሰምጥም። ሦስት አራቱን አንድ ላይ እሰሩ። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ላዩን በገጀራ ጫር ጫር አድርጉት፣ እግር እንዲይዝ።

የማይሆነው፦ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት የተቀባ አጥር፣ ጥቁር መድኃኒት የጠጣ የመብራት ምሰሶ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ። ቁልቋልና ቅንጭብም ወተታቸው መርዝ ነው። የሙዝ ግንድ ይንሳፈፋል፣ ግን ቶሎ በስብሶ ውኃውን ያበላሻል። ዓሣ ካላችሁ ደግሞ ብርብራን አደራ! ለቡናችን ጥላ የምንወደው ዛፍ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ግን ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አባቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣ ያደነዝዙ የነበረው ለዚህ ነው። ግንዱንም ፍሬውንም ከኩሬው አርቁ።

እንጨት ፍለጋ ብላችሁ ግን ጫካ እንዳትገቡ። የካፋ ደን በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው የተመዘገቡት ለዋዛ አይደለም። ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድም የሌላ ፍጡር ቤት ነው። ጓሯችሁ ያለው ይበቃል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንጨቱን በበርሜል ውኃ አንድ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉት፤ ውኃው ከጠቆረ ቀይሩለት። እርጥብ እንጨት ከጨመራችሁና መበስበስ ከጀመረ ኦክስጅን ይሻማል። ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ እንጨቱን ወዲያው አውጡ። ሚስማርና ሽቦ ካለው ንቀሉ፣ ሹል ጫፉን አለስልሱ፤ ፕላስቲኩን ይቀደዋል። ከዚያ አንዱ ጫፍ ዳር ላይ እንዲያርፍ፣ ሌላው እንዲንሳፈፍ አድርጉት። መሰላል ማለት ነው። በናይለን ገመድ ዳር ካለ ካስማ ጋር እሰሩት፤ ውኃው ሲጨምርና ሲቀንስ አብሮ እንዲንቀሳቀስ ገመዱን ትንሽ ላላ አድርጉ። ክረምት ሲገባ ማፍሰሻውን እንዳይዘጋ ከዚያ አካባቢ አርቁት።

"ትንኝስ?" ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አካባቢያችን ወባማ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ውኃው ላይ ተጋድሞ፣ ሣርና ቆሻሻ ሥር ተሸሽጎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ግንዱ አንድ ወይም ሁለት ይሁን እንጂ ኩሬውን አትሸፍኑት፤ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ አጽዱት። ቆሮሶ ዓሣ ካላችሁ እጩን ይበላላችኋል። ያም ሆኖ አጎበሩ አይቀርም።

እባብም ይመጣል የሚል አለ። እንቁራሪት ባለበት እባብ ብቅ ሊል ይችላል፤ እውነት ነው። ግንዱን ውኃ ከምትቀዱበት ቦታ በተቃራኒ ወገን አድርጉት፣ ዙሪያውን ሣሩን አጭዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ግንዱ ለንብና ለእንሽላሊት መውጫ ነው፤ ለልጅ ግን ወጥመድ ነው። ልጅ ተንሳፋፊ ግንድ ካየ ልርገጠው ይላል፤ እንጨቱ ይሽከረከራል፣ ልጁ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ አያስወጣውም። ስለዚህ አጥር የሌለው ኩሬ ላይ ግንድ አታስገቡ። መጀመሪያ አጥር፣ በሩም የሚዘጋ። ቀጥሎ አዋቂ ይዞ የሚወጣበት፣ አንገቱ ላይ ቋጠሮ ያለው ጠንካራ ገመድ ዳር ላይ ይታሰር። ከዚያ በኋላ ነው ግንዱ።

እኔ በዲፕሎማ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የዓሣ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የምግብ ሰንሰለት ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንስለው ነገር በየጓሯችን አለ። ከጫካው ወጥቶ እኛ ዘንድ ሊጠጣ የመጣ ፍጡር እንግዳችን ነው። እንግዳ ደግሞ ጠጥቶ በሰላም ይሸኛል እንጂ እዚያው አይቀርም።

ኩሬ ያላችሁ ነገ ጠዋት ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ውኃው ላይ የምታገኙትን ቁጠሩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጓሯችሁ ያለውን እንጨትም ንገሩኝ፤ ይሆናል አይሆንም እንነጋገራለን። ኩሬ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አድርሱለት። መልካም ሰንበት!